እቴቴን እንዴት ብዬ ልንገራት?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ አማካሪያችን። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ዕድሜዬ 38 ሲሆን ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ ትልቁ 9፣ ትንሿ 6 ዓመቷ ነው። አገር ቤት እያለሁ ደሴ ውስጥ አስተማሪ ነበርኩ። በዲቪ ከመጣሁ 8 ዓመት ሆኖኛል፤ 7ቱን ዓመት የሠራሁት በአንድ ግሮሰሪ ፕሮዲውስ ክፍል፣ አትክልትና ፍራፍሬው ላይ፣ ክለርክ ሆኜ ነው።

ባለፈው ሳምንት ማናጀሬ ኩለሩ (ማቀዝቀዣ ክፍሉ) በር ላይ አስቁሞኝ «አሲስታንቴ ወደ ሌላ ስቶር ሊዛወር ነው፣ ቦታውን ላንቺ ነው ያሰብኩት፣ እስከ ረቡዕ መልስሽን ንገሪኝ» አለኝ። አሁን በሳምንት 32 ሰዓት እሠራለሁ፤ በሰዓት 18 ዶላር ከ50 ይከፈለኛል። አዲሱ ፉል ታይም ሆኖ ክፍያው 20 ዶላር ከ25 ነው። ባለቤቴ «ለ1 ዶላር ከ75 ሳንቲም ብለሽ ራስ ምታት ትገዣለሽ?» ይለኛል። እሱ ሌሊት ኡበር ይነዳል፣ የሚገባው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ነው። እኔ ደግሞ አሲስታንት ከሆንኩ በሳምንት 3 ቀን ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ የምከፍተው እኔ ነኝ። እሑድ ማናጀሩ ዕረፍት ስለሆነ ክፍሉ በእኔ እጅ ይሆናል፤ ቅዳሴዬስ? እንግሊዝኛዬም ለሥራው ይበቃኛል እንጂ ስልክ ላይ ስሆን እደነግጣለሁ፣ ኢሜይል ስጽፍ አሥር ጊዜ ነው የምሰርዘው።

ከሁሉም የከበደኝ ግን ሌላ ነው። እዚያ ሥራ ያስገባችኝ አንዲት የአገራችን ሴት ናት፤ እቴቴ እላታለሁ። 58 ዓመቷ ነው፣ እዚያ ስትሠራ 16 ዓመት ሆኗታል። ማመልከቻውን የሞላችልኝ እሷ ናት። ሰላጣ ሥሩን ቆርጦ ውኃ ውስጥ ማሳረፍን፣ የሙዙን ኮድ፣ ሁሉንም ያስተማረችኝ እሷ ናት። ልጄን የወለድኩ ጊዜ ገንፎ አገንፍታ ሆስፒታል የመጣችው እሷ ናት። ከ5 ዓመት በፊት ይህንኑ ቦታ ጠይቃ አልሰጧትም ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አንስታው አታውቅም። አሁን ጉልበቷን ያማታል፣ ትራክ ሲመጣ ፈጥና መሥራት አትችልም። እኔ አለቃዋ ሆኜ «ይህን አንሺ፣ ያን አድርጊ» ልላት ነው? ምን ትለኛለች? እስካሁን አልነገርኳትም። እምቢ ብል ይሻል ይሆን? ምን ይመክሩኛል?

እህትዎ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ እንግሊዝኛሽ የጻፍሽው ቶሎ ያልቃል፣ ስለ እሑዱም እንደዚያው። እቴቴ ላይ ስትደርሺ ግን ብዕርሽ ቆመ፤ «እሷ ናት፣ እሷ ናት» እያልሽ ውለታዋን ቆጠርሽ። የከበደሽ ይሉኝታው ይመስለኛል። ስለዚህ ደመወዙንና ስኬጁሉን ወደ ኋላ ላድርገውና ከእሷ ልጀምር።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላጫውትሽ። እኔም ለአገሩ አዲስ ሳለሁ በአንድ መጋዘን የሌሊት ሺፍት ዕቃ እደረድር ነበር። መኪና ስላልነበረኝ አብሮኝ የሚሠራ አንድ የአገሬ ልጅ በየሌሊቱ ከቤቴ ደጃፍ ይወስደኝ ነበር፤ አንድም ቀን የቤንዚን ተቀብሎኝ አያውቅም። የሺፍት መሪ ትሆናለህ ሲሉኝ ልነግረው ፈለግሁ። ዛሬ ነገ ስል ሳምንት አለፈ። በመጨረሻ የሰማው ከእኔ አይደለም፤ ሰዓት መፈረሚያው አጠገብ ከተለጠፈው ስኬጁል ነው፣ ስሜ ከላይ ተጽፎ፣ የእሱ ከሥር። ያን ሌሊት እንደ ወትሮው መጥቶ ወሰደኝ። ሬዲዮኑን ከፈተ፣ እስክንደርስ ድረስ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ከዓመታት በኋላ ስንታረቅ «ሥራውማ ይገባህ ነበር፤ እኔን ያቃጠለኝ ከወረቀት መስማቴ ነው» አለኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አንቺ ግን ገና ጊዜ አለሽ፤ እስከ ረቡዕ።

እስቲ ልጠይቅሽ፤ አንቺ እምቢ ብትዪ ቦታው ለእቴቴ ይሰጣል? መልሱን አንቺም የምታውቂው ይመስለኛል። ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ ምናልባትም ሰላጣ ማሳረፍን ጨርሶ ለማያውቅ፣ የእቴቴን ጉልበት ሕመም ከስንፍና ለሚቆጥር ሰው። እምቢታሽ ለእሷ ምን ይጠቅማታል? ቆይቶም መስማቷ አይቀርም። በእሷ ምክንያት እንደተውሽው ስታውቅ ደግሞ ያልጠየቀችው ዕዳ ትሸከማለች። እንደ ጻፍሽልኝ ከሆነ እቴቴ ይህን የምትፈልግ ሴት አይደለችም።

እዚህ ላይ ግን የእሷንም መብት እንይላት። ማናጀርሽ ኩለር በር ላይ አስቁሞ ስለነገረሽ ብቻ ነገሩ አልቋል ማለት አይደለም። በብዙ ስቶሮች እንዲህ ያለ ቦታ ሲከፈት ማስታወቂያ ተለጥፎ የፈለገ ሁሉ ያመለክታል። ዩኒየን (የሠራተኛ ማኅበር) ካላችሁ ደግሞ የአገልግሎት ዘመን፣ እናንተ ሲኒየሪቲ የምትሉት፣ ኮንትራቱ ውስጥ ቦታ ሊኖረው ይችላል። እቴቴ የ16 ዓመት ሠራተኛ ናት። ምናልባት ዛሬም ትፈልገው ይሆናል፤ ምናልባት ጉልበቷ ካመማት ወዲህ ልቧ ርቆ ይሆናል። ይህን አንቺ ልትወስኚላት አትችዪም። አስቀድመሽ ብትነግሪያት ግን፣ ከፈለገች እሷም ታመለክታለች። ከዚህ በላይ የምትመልሺላት ውለታ አይታየኝም።

የት ትነግሪያታለሽ? ኩለር ውስጥ በካርቶን መሃል አይሁን፤ ሥራ ወጥታችሁ ፓርኪንግ ላይ ቆማችሁም አይሁን። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤቷ ሂጂ። ቡና ይፈላ፣ አቦሉ ይጠጣ። ከዚያ ሳትዞሪ ንገሪያት፦ «እቴቴ፣ ማናጀሩ አሲስታንት ሁኚ ብሎኛል። ገና መልስ አልሰጠሁትም። ከማንም በፊት አንቺ እንድትሰሚ ፈልጌ ነው። ያኔ ጠይቀሽ እንደነበር አውቃለሁ። ዛሬም የምትፈልጊው ከሆነ ንገሪኝ፣ ማስታወቂያ ይወጣ እንደሆነ አብረን እንጠይቃለን።» ከዚያ ዝም በይ። ዝምታው ይከብድሻል፣ ግን አትሙይው። «ይቅርታ አድርጊልኝ» አትበያት፤ የበደልሻት ነገር የለም። «እሺ ካላልሽኝ እተወዋለሁ» ብለሽም ፈቃድ አትጠይቂያት፤ እንዲህ ስትያት ሸክሙን ወደ እሷ ታዞሪዋለሽ። ብታለቅስ አብረሻት ተቀመጪ። «እሰይ ልጄ!» ብትልሽ ደግሞ እመኛት፤ ከፊቷ ላይ ሌላ ነገር አትፈልጊ። ያለፈው ቁስል በአንድ ስኒ ላይድን ይችላል፣ ጊዜ ስጫት።

ከተቀበልሽ በኋላስ? እቴቴን ልታርሚበት የሚገባ ቀን ይመጣል፤ ሌላውን እንደምታርሚው ሁሉ። ከሰው ፊት አይሁን፤ ሲሆን ጠዋት፣ ሰው ሳይበዛ። ጉልበቷን ግን በዝምታ አትሸፋፍኚላት። ከባድ ካርቶን ሁልጊዜ ለወጣቶቹ፣ መቆራረጡን ለእሷ ከሰጠሽ «ሐበሻ ለሐበሻ» መባሉ አይቀርም፤ ሐሜቱም የሚያርፈው እሷው ላይ ነው። ሐኪሟ የምታነሳውን ክብደት ገልጾ ወረቀት ይጻፍላት፣ ወረቀቱም ለድርጅቱ ይግባ። ያኔ ሥራ ስታመቻቺላት አድልዎ መሆኑ ይቀራል፤ መብቷም ሊሆን ይችላል። አንድ ሌላም አለ። እስከ ዛሬ ከእቴቴ ጋር በአማርኛ እያወራችሁ ሠርታችኋል። ሌሎቹ አጠገባችሁ ሲኖሩ የሥራ ትእዛዝ ለእሷም በእንግሊዝኛ ይሁን፤ ሳቁና ጨዋታው በአማርኛ ይቀጥል። ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ነገር ግን የማይሰማው ሰው «ስለ እኔ ይሆን?» ማለቱ አይቀርም።

ስለ እንግሊዝኛሽ አጥብቄ አልጨነቅም። አስተማሪ ነበርሽ፤ 40 ልጅ ፊት ቆመሽ ትምህርት ያስረዳሽ ሴት ነሽ። ሥራውንም ታውቂዋለሽ። ሙዝ ኩለር እንደማይገባ፣ ከገባም ልጣጩ እንደሚጠቁር ታውቂያለሽ። አዲሱ ከኋላ፣ የቆየው ከፊት እንደሚደረደር፣ 4011 የሙዝ ኮድ እንደሆነ፣ የትኛው ኮክ ነገ እንደሚበሰብስ ታውቂያለሽ። የአሲስታንት ሥራ ትልቁ ክፍል ይህ ነው፤ አዲስ የሚሆንብሽ ኦርደሩ ነው። ብዙ ብታዢ ይጣላል፣ ሽሪንኩ፣ ማለትም የተበላሸው ዕቃ ኪሳራ፣ በስምሽ ይጻፋል፤ ትንሽ ብታዢ ቅዳሜ ከሰዓት መደርደሪያው ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ማናጀርሽን «የመጀመሪያዎቹን ሦስትና አራት ሳምንታት ኦርደሩን አጠገቤ ሆነህ አሠራኝ» በዪው። ይህን መጠየቅ አያሳፍርም፤ ከሥራው ጋር አብሮ ሊመጣ የሚገባው ሥልጠና ነው።

ለስልኩ ደግሞ አንዲት ትንሽ ደብተር ከኤፕረንሽ ኪስ ትግባ። ስልክ ላይ የሚያስፈልግሽ ንግግር እየደጋገመ የሚመጣ ነው፦ ትራኩ ዘገየ፣ ሁለት ካርቶን እንጆሪ ጎደለ፣ ቲማቲሙ ተጨፍልቆ ደረሰ፣ ዛሬ አንድ ሰው ቀርቷል። ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ጻፊ፣ ማናጀርሽ ስልክ ሲያወራም አዳምጪና የሚለውን ጨምሪበት። የሞንትጎመሪ ካውንቲ ቤተ መጻሕፍት የእንግሊዝኛ መነጋገሪያ ክበብ አላቸው፤ ሞንትጎመሪ ኮሌጅም ለአዋቂዎች የእንግሊዝኛ ትምህርት ይሰጣል። አጠገብሽ ናቸው፣ ጎራ ብለሽ ጠይቂ።

አሁን ወደ ባለቤትሽ ልምጣ። ሰውዬው ስለሚሳሳልሽ ነው እንዲህ የሚልሽ፣ አልፈርድበትም። ሂሳቡን ግን አብራችሁ ሥሩት። ዛሬ 32 ሰዓት በ18 ዶላር ከ50 ስትሠሪ በሳምንት 592 ዶላር ነው። በአዲሱ 40 ሰዓት በ20 ዶላር ከ25 ሲባዛ 810 ይሆናል። ልዩነቱ በሳምንት 218 ዶላር ነው፤ በዓመት ከ11 ሺህ በላይ፣ ታክስ ሳይቀነስ። ከዚህ ውስጥ የ1 ዶላር ከ75ቷ ድርሻ ትንሽ ነው፤ ብዙውን የሚያመጣው የሰዓቱ መጨመር ነው። በሌላ በኩል በሳምንት 8 ሰዓት ከልጆችሽ ትርቂያለሽ ማለት ነው፣ ይህም በሂሳቡ ይግባ። ልጆችሽ በገቢ ልክ በሚሰጥ የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ ላይ ካሉ ገቢያችሁ ሲጨምር ምን እንደሚለወጥ ከመፈረምሽ በፊት ጠይቂ፤ የድርጅቱ ኢንሹራንስ ለፉል ታይም ሠራተኛ ስንት እንደሚያስከፍልም እንዲሁ።

ሌላም ጥያቄ አትርሺ፤ ክፍያው በሰዓት እንደሆነ ይቀጥላል ወይስ በቋሚ ደመወዝ ይሆናል? የነገሩሽ በሰዓት ስለሆነ የሚቀጥል ይመስላል፣ ቢሆንም በጽሑፍ ይስጡሽ። በፌዴራሉ ሕግ የሰዓት ተከፋይ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ለሠራው አንድ ተኩል ይከፈለዋል። «አሁን ማናጀር ሆነሻል» ስለተባልሽ ብቻ ኦቨርታይምሽ አይቀርም፤ ማዕረጉ ለብቻው ያንን መብት አይወስድም። ቤትሽ ሆነሽ ማታ ማታ ስልክ እየደወሉ ኦርደር የሚያሠሩሽ ከሆነም ሥራ ነውና ሰዓቱ ይመዝገብልሽ። አዲስ አሲስታንቶች የሚጎዱት እዚህ ላይ ነው፤ ትጋታቸውን ለማሳየት ሲሉ ካርዳቸውን መትተው ከወጡ በኋላ እንደገና ወደ ኩለር ይገባሉ። አንቺ እንዳትገቢ። ዩኒየን ካላችሁ ተወካዩን ሁለት ነገር ጠይቂው፤ ቦታው በኮንትራቱ ውስጥ ነው ወይስ ውጭ፣ ሥራው ባይስማማኝስ ሲኒየሪቲዬን ይዤ ወደ ክለርክነቴ መመለስ እችላለሁ?

እሑድን በተመለከተ ከማናጀሩ ጋር በግልጽ ተነጋገሪ፤ ከተቀበልሽ በኋላ ሳይሆን አሁን፣ ሊሰጥሽ በሚለምንሽ ሰዓት። በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ ለሠራተኛው ሃይማኖታዊ ግዴታ ሁኔታ ማመቻቸት አለበት። በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እሑድ አልሠራም ባለ አንድ የፖስታ ሠራተኛ ጉዳይ ይህን አጥብቆታል፤ ቀጣሪው እምቢ ለማለት ትንሽ መቸገሩ አይበቃም፣ ከሥራው አንጻር ከባድ ጫና መሆኑን ማሳየት አለበት። ሆኖም የሌላውን ሰው የሲኒየሪቲ መብት ጥሶ አይሰጥሽም። እኔ ብሆን ሕጉን በልቤ ይዤ አማራጭ ይዤለት እቀርባለሁ። ቅዳሴ ጠዋት አይደል የሚያልቀው? «እሑድ ከቀትር ጀምሬ እስክንዘጋ እኔ እሆናለሁ፣ ጠዋት የሚከፍተውን አብረን እንመድብ» በዪው። ሌላም የምትሰጪው አለሽ። ታኅሣሥ ላይ፣ የእነሱ ገና ሲደርስ፣ ሁሉም ዕረፍት ሲፈልግ አንቺ ትሠሪያለሽ፤ በምትኩ ጃንዋሪ 7ን ይስጥሽ። ፋሲካም በአብዛኛው ከእነሱ ይለያል። እንደ 2025 በአንድ ቀን የሚውልበት ዓመትም ስላለ ያን ካላንደር አይተሽ አስቀድመሽ አሳውቂው።

የልጆቹ ጠዋት ግን አልተፈታልኝም፣ ላንቺም ገና ነው። አንቺ 11 ሰዓት ከከፈትሽ፣ ባለቤትሽ 12 ሰዓት ከገባ፣ በመሃል ልጆቹ ብቻቸውን ይተኛሉ ማለት ነው፤ የመንገድሽን ሰዓት ስትጨምሪበት ይብሳል። ይህ በ«ይደረስበታል» የሚታለፍ አይደለም። በእነዚያ 3 ቀናት ባለቤትሽ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ መግባት ይችላል? የኡበሩን ሰዓት እሱ ነው የሚወስነው፤ ከ218 ዶላሩ ላይ የሚያጣውን አስባችሁ ቀንሱ። ካልሆነ የምትከፍቺበት ቀን ወደ ሁለት ይወርድ እንደሆነ ማናጀሩን ጠይቂ። ለዚህ መልስ ሳይገኝ «እሺ» አትበዪ። ጭንቀትሽን ለባለቤትሽም እንደ ጻፍሽልኝ አድርገሽ ንገሪው፤ ስለ ገንዘብ የሚከራከርሽ ስለ እቴቴ ስላልሰማ ይሆናል።

እንግዲህ ቀኖቹን አስቢ። ቅዳሜ ማታ ከባለቤትሽ ጋር ሂሳቡንና የልጆቹን ጠዋት፤ እሑድ እቴቴን፤ ሰኞ የዩኒየን ተወካዩንና ማናጀሩን። ረቡዕ ልብሽ ካልረጋ «ሁለት ቀን ጨምርልኝ» ማለት ነውር የለውም። አይቼ ሳስበው ለሥራው ትሆኛለሽ፤ ቤትሽ ከፈቀደ ደግሞ ብትይዢው ደስ ይለኛል። ይህ የእኔ ስሜት ነው፣ ውሳኔው ግን ያንቺ ነው።

ለእቴቴ ስትሄጂ ባዶ እጅሽን አትሂጂ። አቮካዶ የምትወድ ከሆነ ራስሽ መርጠሽ ያዢላት፤ እንደ ልማድሽ በጣትሽ ጫፍ ሳትጫኚው፣ በመዳፍሽ አቅፈሽ ሞክረሽ። ምን እንዳለችሽም ጻፊልኝ።